ርካሹን ቆጥበን ውዱን ደፋነው

ወልድያ ላይ በዚህ ሰሞን መካኒክ ያልሆነ ሰው የለም። ባንክ የሚሠራው መካኒክ ነው። ሒሳብ የሚያስተምረው መካኒክ ነው። መንጃ ፈቃድ ያላወጣው የጎረቤት ጎረምሳ ሳይቀር መካኒክ ነው። ዕድሜውን ከመኪና ሥር ተጋድሞ የፈጀው እውነተኛው መካኒክ ብቻ ጋራዡ በር ላይ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ደንበኛ ይጠብቃል።

ምን መጣ ብትሉ መልሱ አንድ ነው፤ «ወጪ ለመቆጠብ» ይሏችኋል። እኔ የማውቀው ቁጠባ የፋሲካ በግ ከጎረቤት ጋር መካፈል፣ ኮት አስገልብጦ ማሰፋት፣ አበዳሪ ባለበት መንገድ አለማለፍ ነበር። የዛሬ ልጆች ቁጠባ ግን እሁድ ጠዋት ሰው ሲያስቀድስ ኮፈን ከፍቶ ሞተር መጎርጎር ሆኗል። ጎርጉረው ቢያበቁ ደግ ነበር። ሲጨርሱ ደግሞ «ጋሼ፣ ይቺ ብሎን የምን ነበረች?» ብለው ሽማግሌ ይጠይቃሉ።

ምክንያት የላቸውም አልልም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መንግሥት የብርን ዋጋ ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ፊልትሮውም፣ ካንዴላውም፣ የፍሬን ሸራውም ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ነውና ዶላሩን ተከትሎ ሽቅብ ወጣ። ከዚያ በፊት የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ቀረጥ ጭኖ ነበር። በ2016 ደግሞ ነዳጅ የሚጠጣ አውቶሞቢል ከናካቴው ከውጭ እንዳይገባ ተከለከለ፤ በኤሌክትሪክ የሚሄደውን ግዙ ተባልን። ከ2013 ክረምት እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ በጦርነት ተይዛ በጨለማ የከረመችን ከተማ ሰው «መኪናህን ከሶኬት ሰክተህ ታድራለህ» ሲሉት ምን እንደሚል ለእናንተ ትቼዋለሁ።

ባቡሩ ቢመጣ ኖሮ መኪናዬን ሸጬ እገላገል ነበር። የቱርኩ ያፒ መርኬዚ የጀመረው፣ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የአዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐራ ገበያ የሐዲድ ሥራ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ደርሶ መንገደኛ ግን ሳያመጣልን ቀረ። ስለዚህ ያለችንን አሮጊት መኪና አቅፎ መቀመጥ ሆነ ሥራችን።

የእኔዋ ዲኤክስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የአራተኛው ትውልድ ኮሮላ፣ 1,290 ሲሲ ሞተር፣ ካርቡራተር ያላት፣ ኮምፒዩተር የሚባል ነገር በአጠገቧ ያላለፈ። ከመርሳ ማንጎ ጭና መጥታለች፤ በቆቦ ሙቀት አልፋለች፤ ለገና ወደ ላሊበላ ምዕመን ይዛ የድልብን አቀበት ወጥታለች። ዕድሜዋም ምግባሯም ከእህቴ ልጅ ይበልጣል።

የእህቴን ልጅ ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። በቤታችን ይህን ወረርሽኝ ያስገባው እሱ ነው። በአካውንቲንግ የተመረቀ ልጅ ነው። ሲመረቅ ደግሰናል፣ እልል ብለናል፤ አንድ ቀን ሞተር ይፈታብናል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። የተማረውን ሁሉ የሚሠራበት በቤተ ዘመድ ላይ ነው። የባለፈውን የጋራዥ ደረሰኝ ከመሳቢያዬ አውጥቶ ዓይኑን «የእጅ ዋጋ» የምትለዋ መስመር ላይ ተከለና፣ «ጋሼ፣ ይሄን ለምን እንከፍላለን? ትልቁን ሰርቪስ እኛው እንሥራው» አለኝ።

«እኛው» ያላት ቃል ውስጥ ማን ማን እንዳለ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ስልኩን አወጣና አንድ ፈረንጅ አሳየኝ። ሰውየው ጥቁር ጓንት አጥልቋል፤ ወለሉ እንጀራ ቢጣልበት አንስቶ የሚበላበት ዓይነት ነው፤ መኪናው በማንሻ ወደ ላይ ከፍ ይላል። ብሎኑን በሁለት ጣቱ ይፈታል። ዘይቱ አንዲት ጠብታ ሳይንጠባጠብ ዕቃው ውስጥ ይገባል። ቪዲዮው ላይ ብሎን አይዝግም። ቪዲዮው ላይ ጥርሱ የተበላ ነገር የለም፤ መብራት አይጠፋም፤ ዶሮ በሥራ መሐል አያልፍም፤ ሚስት «ሳፋዬን ማን ወሰደው?» ብላ አትጮህም። እንዲህ ባለ ዓለም እኔም ሞተር አወርዳለሁ።

ቨርጂኒያ ያለው የአጎቱ ልጅም በስልክ አደፋፈረው። «እኔ እዚህ ሁሌም ራሴ ነኝ የምሠራው፤ ጋራዥ ይዘርፋል» አለው። እውነቱን ነው፤ እሱ ዘንድ ይዘርፋል። በዚያ አገር መካኒክ ለአንድ ሰዓት ከ100 ዶላር በላይ ይጠይቃል፤ ዘይትና ፊልትሮ ግን ከዚያ ገንዘብ በግማሹ ይገዛል። እንግሊዞችም በዚሁ ምክንያት ነው የቤት መካኒክ የሆኑት። ጆን ሄይንስ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1960 ኩባንያ አቁሞ፣ መኪና ፈትቶ እየገጠመ እያንዳንዷን ደረጃ በፎቶ የሚያሳይ መጽሐፍ መሸጥ ጀመረ፤ ደመወዙ ለጋራዥ የማይበቃው ሁሉ እየገዛው ሰውየውን ሀብታም አደረገው። እነሱ ዘንድ ውዱ የሰው እጅ ነው፤ ርካሹ ዕቃው። ራሳቸው ሲሠሩ ውዱን ይቆጥባሉ።

ወልድያ ላይ ነገሩ ተገልብጦ ነው የሚገኘው። እዚህ ውዱ ዘይቱ ነው፣ ፊልትሮው ነው፣ ካንዴላው ነው። ሰርቪስ ያስደረገ ሰው ደረሰኙን ገልጦ ይይ፤ የመካኒኩ የእጅ ዋጋ ከታች በኩል ተሸማቃ የተቀመጠችው ትንሿ ቁጥር ናት። ቆጣቢ ነኝ ባዩ ትውልድ ታዲያ ከሒሳቡ ሁሉ መርጦ እሷን ያባርራል። ርካሹን የሰው እጅ ለመቆጠብ ብሎ ውዱን ዕቃ ላልተገራ እጅ ይሰጣል። ይሄን ለማየት አካውንቲንግ መማር አያስፈልግም ነበር፤ እንዲያውም ሳይጋርደው አልቀረም። ብነግረው «ጋሼ፣ ብር ብር ነው» አለኝ።

ሥራው የተጀመረው ዕቃ በመግዛት ነው። ቁጠባ ሁልጊዜ በመግዛት እንደሚጀመር ልብ በሉ። በፕላስቲክ ሳጥን የተደረደረ፣ የሚያብለጨልጭ የቁልፍ ስብስብ ተገዛ። ሳጥኑ ያምራል፤ ውስጡ ያለው ብረት ግን ጠንካራ ብሎን ሲያገኝ ጥርሱን ያራግፋል። የጎደለው ከሰፈር ተለመነ፤ ክሪክ ከአንዱ፣ የካንዴላ ቁልፍ ከሌላው፣ ፒንሳ ከባጃጅ ነጂው። ቀሪውን ቤቴ አዋጣ። የባለቤቴ ሳፋ የዘይት መቀበያ ሆነ። የተቆረጠ ሃይላንድ ዘይት መቅጃ ሆነ። የጸሎት መጽሐፍ የማነብበት መነጽሬ የብሎን ቁጥር ማንበቢያ ሆነ። ለመጋደሚያ ምንጣፍ ተፈልጎ ወደ ጋቢዬ እጅ ሲዘረጋ ግን «በሕይወት እያለሁ አይሆንም!» አልኩ። ጋቢዬን አዳንኩ፤ ሌላውን ማዳን አልቻልኩም።

ቀጥሎ የመጣው የድንጋይ ጉዳይ ነው። መኪናዋን በክሪክ አንስቶ ጎኗን በድንጋይ ሊደግፍ ተነሣ። ይሄን ልማድ ከየት እንደተማረው አውቃለሁ፤ ከመንገድ ነው። ድልብ ላይ የተበላሸበት ሾፌር ከጎማው ሥር ቋጥኝ ያስገባል፣ መኪናውን ይጠግናል፣ ሲሄድ ድንጋዩን አስፋልቱ መሐል ትቶት ይሄዳል። በማታ የሚመጣው ሌላው ይጋጨዋል። አገሩን ሁሉ ዞራችሁ ጠይቁ፤ ያን ድንጋይ ያነሳ ሰው አታገኙም። እኛ ግቢ ግን ያን ዕለት አንድ ሕግ ወጣ፤ በክሪክና በድንጋይ ላይ ከቆመ መኪና ሥር አንገቱን የሚያስገባ ሰው ከዚህ ቤት እንጀራ አይበላም። ክሪክ ጎማ ለመቀየር ነው የተሠራው፤ ድንጋይም ይሰነጠቃል፣ ይንሸራተታል። ልጁ አጉረመረመ፤ ያጉረምርም። ከቀብር ማጉረምረም ይሻላል። በመጨረሻ መኪናዋ ሁለት ጎማዋን ከፍ ካለው የግቢያችን ጠርዝ ላይ አውጥታ ቆመች፤ እሱም በደረቱ ተሳበ።

የዘይቱ መክፈቻ ብሎን የ14 ቁልፍ ይፈልጋል። አዲሱ የ14 ቁልፍ ተንሸራተተና የብሎኑን ጠርዝ አድቦለቦለው። በመዶሻ ተለመነ፣ በፒንሳ ተለመነ፣ በስንት መከራ ተፈታ። ፊልትሮው ግን እንደ መዥገር ተጣብቆ እምቢ አለ። ያ ፈረንጅ ለዚህ ልዩ መፍቻ ነበረው፤ የእህቴ ልጅ ያለው ካቻቪቴ ነው። ካቻቪቴውን በፊልትሮው ሆድ ወጋው። ዘይቱ በሳፋው በኩል ሳይሆን በክንዱ በኩል ወረደ፤ ከክንዱ ወደ ሸሚዙ፣ ከሸሚዙ ወደ ግቢዬ። ከዚያ አዲሱን ዘይት ሲሞላ ያን የተድቦለቦለ ብሎን አጥብቆ ማሰር ባለመቻሉ አዲሱንም እንደ አሮጌው መሬት ጠጣው። በዶላር ዋጋ የገባ ዘይት አፈር ሲጠጣው ቆሜ አየሁ። መሬቱም አልጠገበም።

ወሬ ወልድያ ላይ እግር ሳይሆን ክንፍ አለው። ወዲያው አንዱ ጎረቤት ጀሪካን ይዞ መጣ። «የተቃጠለውን ዘይት የት አደረጋችሁት? የአጥሬን እንጨት ምስጥ ጨረሰብኝ» አለ። ሌላዋ ለጎጆዋ ምሰሶ ፈለገች። የተቃጠለ ዘይት እንጨት ሲቀባ ምስጥ ይሸሻል፤ ይሄን አገሩ ሁሉ ያውቃል። ከዚያ ሁሉ ልፋት ያለ ኪሣራ የተጠቀመው እስካሁን የማውቀው ያ አጥር ብቻ ነው።

ካንዴላ ላይ ስንደርስ ደግሞ የጉድ ጉድ መጣ። የካንዴላ ገመዶቹ አራት ናቸው። አሮጌ መካኒክ አንዱን ነቅሎ፣ ካንዴላውን ቀይሮ፣ ገመዱን ወደ ቦታው መልሶ ነው ወደ ሌላው የሚሄደው። የእኛ ልጅ አራቱንም አንዴ ነቀላቸው። መመለሻው ሲደርስ የሒሳብ ሰው ነውና 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብሎ በተራ ሰካቸው። ሞተሩ ግን አካውንቲንግ አልተማረም፤ የሚያቃጥልበት ተራ 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው። ቁልፉን ሲያዞረው ሞተሩ ተንቀጠቀጠ፣ አስነጠሰ፣ ከዚያ በማርሚታው በኩል ጧ! አለ። ደገመ። ሠለሰ።

እንዲህ ያለ ድምፅ ሌላ ከተማ ላይ ያስቃል። እዚህ ግን ሰው የተኩስ ድምፅ በጆሮው ሳይሆን በጉልበቱ ነው የሚያውቀው። የሰፈሩ በር ሁሉ ተዘጋ። እናቶች ልጆቻቸውን ጎትተው አስገቡ። ወደ ጎንደር በር የሚሄድ ባጃጅ ተሳፋሪውን ይዞ ዞረ። ቡና ላይ የነበሩት ሴቶች ስኒውን ትተው ረከቦቱ ሥር ለመግባት ምንም አልቀራቸውም ነበር፤ በረካው ሳይጠጣ ቀረ። ጎረቤቴ ሸሁ ብቻ ነበሩ ከመደባቸው ያልተነሱት። ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡና፣ «አብሽሩ! ይሄ ጥይት አይደለም። ተሳስቶ የተሰካ ካንዴላ ነው» አሉ።

ሸሁ የሚያወሩት አውቀው ነው። በጉልምስናቸው ፊያት ኤንትሬ ይነዱ ነበር፤ ከአሰብ ጭነው በአፋር በረሃ አቋርጠው ኮምቦልቻ፣ ደሴ፣ እኛ ድረስ። የእህቴ ልጅ ይሄን ስለሚያውቅ ለክርክሩ ሊመዛቸው ሞከረ። «ሸህ፣ እናንተስ በረሃ ላይ ራሳችሁ አይደል የምትጠግኑት?» አላቸው። ሸሁም ሳቁና፣ «ልጄ፣ እኛ ራሳችን የጠገንነው በረሃው ላይ ጋራዥ ስላልነበረ ነው። ደግሞ መሪ ከመጨበጤ በፊት ረዳት ሆኜ ከመኪናው ሥር ነው ያደግኩት። ዋናው ሾፌር በስህተቴ ሁሉ ጆሮዬን ጠምዝዞኛል። አንተ ጆሮህ ሙሉ ነው» አሉት። እኔ ከዚህ የተሻለ የመካኒክነት ዲፕሎማ መግለጫ ሰምቼ አላውቅም።

እዚህ ላይ ስለ ድሮ አንድ ነገር ካላልኩ ሽማግሌ መሆኔ ምን ይጠቅማል! ድሮ መኪና ሲበላሽ ሳይሆን ቀኑ ሲደርስ ነበር ጋራዥ የሚገባው። በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የንጉሠ ነገሥቱ አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ይሄን ጣሊያን የቀየሰውን፣ ከአዲስ አበባ በደሴና በወልድያ አድርጎ እስከ አሥመራ የሚዘልቀውን መንገድ የመጠገን ሥራ ሲረከብ፣ መንገድና ማሽን ቀን ተቆጥሮለት የሚጠገን ነገር መሆኑን አገሩ ተማረ። የዛሬ ቆጣቢ ሁለተኛ ቁጠባው ግን ቀን ማሳለፍ ነው። ተራ የሞተር ዘይት በዚህ አቧራና አቀበት 5,000 ኪሎ ሜትር ከሄደ በቃው፤ ልጆቹ ግን «ገና ነው፣ ትንሽ ትሂድ» እያሉ እጥፉን ያስኬዱታል። የቫልቭ ክፍተትም ቀኑ ሲደርስ በቀጭን ብረት ይለካል፤ በእኔዋ ሞተር መሳቢያው 0.20፣ ማስወጫው 0.30 ሚሊ ሜትር፣ ያውም ሞተሩ ሞቆ እያለ። ይሄ ክፍተት ጠብቦ ዝም ከተባለ ቫልቩ ይቃጠላል፤ ያኔ «ሞተር ይውረድ» ይባላል። ሞተር ማውረድ ደግሞ በአገራችን ቋንቋ የአንድ በሬ ሽያጭ ማለት ነው፤ እድለኛ ካልሆናችሁ የሁለት።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ዝም አልኩ። ዝም ማለቴን ባለቤቴ አታምንም፤ ግን ዝም አልኩ። ነገሩ የከረረው ፍሬን ላይ ነው።

የፍሬን ዘይት ለመቀየር ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ከጎማው ዘንድ አየሩን ያስወጣል፣ ሌላው ውስጥ ተቀምጦ ፔዳል ይረግጣል። «እኛው» ያላት ቃል እዚህ ላይ ተገለጠችልኝ። ጡረተኛው ሰውዬ ፔዳል ረጋጭ ሆኜ ተቀጠርኩ። መጀመሪያ ላይ ሥርዓት ነበረው፤ «ጋሼ፣ ይርገጡ... ይልቀቁ» ይላል።  በመጨረሻ ዘይቱ ዓይኑ ላይ ሲረጭበት ከጎማው ሥር «ርገጥ! ርገጥ እንጂ! አትልቀቅ!» የሚል ድምፅ መጣ። እናቱን ተሸክሜ ያሳደግኩ ሰው ነኝ። ከመኪናዋ ወረድኩ፣ በሩን ዘጋሁ፣ «ሥራው እዚህ ላይ አብቅቷል» አልኩ።

ቂም ብቻ አይምሰላችሁ። የፍሬን ዘይት እርጥበት የሚስብ ነገር ነው። ዶት 3 የሚባለው አዲስ እያለ ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ እርጥበት ከጠጣ ግን መፍያው እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ለዚህ ነው በሁለት ዓመት አንዴ ቀይሩት የሚባለው። አየር የቀረበት ፍሬን ደግሞ ግቢ ውስጥ ደህና ይመስላል። ጉዱ የሚታየው ቻይናዎች በደርግ ዘመን በሠሩት የወረታ መንገድ፣ ከጋሸና በኩል ወደ 3,000 ሜትር ከሚጠጋው ደጋ ተነስታችሁ በድልብ ወደ ወልድያ ስትወርዱ ነው። ያ ሁሉ ቁልቁለት በፍሬን ሲወረድ ሸራው ይግላል፣ ዘይቱ ይፈላል፣ እግራችሁ ፔዳሉን ይዞ ወለል ይነካል። ከዚያ በኋላ ወጪ የቆጠበ ሰው የለም። ካንዴላ ቢሳሳት ሰፈር ይስቃል፤ ፍሬን ቢሳሳት ሰፈር ያለቅሳል።

መካኒኩን ወደ ግቢያችን ጠራነው፤ መኪናዋ ወደ እሱ መሄድ አትችልምና። መጣ፣ ዞራት፣ ሳፋውን አየ፣ የተወጋውን ፊልትሮ አየ። «ማን ነው የነካት?» አለ። ግቢው ጸጥ አለ። የእህቴ ልጅ ስልኩን ያይ ጀመር። እኔ ደመና አየሁ። «አብሽሩ አባባ፣ ከዚህ የባሰም አይተናል» አለና ሥራውን ጀመረ። ገመዶቹን ሳያስብ አዘዋወራቸው፤ ሞተሩ ወዲያው አደብ ገዛ። ብሎኑን ለወጠ፣ ፍሬኑን ከሩቁ ጎማ ጀምሮ በሥርዓት አየሩን አስወጣ። ፔዳል ያስረገጠው የእህቴን ልጅ ነው። «ርገጥ» ሲለው በደስታ አዳመጥኩ።

ማታ ልጁ ደብተሩን አውጥቶ ሒሳቡን ሠራ፤ በዚህ በኩል ታማኝ ነው። አፈር የጠጣው ዘይት፣ እንደገና የተገዛው ዘይት፣ አዲሱ ብሎን፣ ያ የሚያብለጨልጭ የቁልፍ ስብስብ፣ ለባለቤቴ የተተካው ሳፋ፣ በመጨረሻም የመካኒኩ የእጅ ዋጋ። ባለቤቴ ማንበብ ባትችልም ቁጥር ታውቃለች፤ ከላይ እስከ ታች በጣቷ ወረደችና የመጨረሻዋ ላይ ቆመች። «ከሁሉ ትንሿ ይቺ ናት። እሷን ነው እንዴ ስትሸሹ የከረማችሁት?» አለች። ቀጥላም ወደ እኔ ዞራ፣ «ይሄን ልጅ እዚህ ያደረሱት አንቱ ነዎት። ጋራዥ ዘረፈኝ እያሉ ዓመቱን ሙሉ ሲያላዝኑ አልነበረም?» አለችኝ። አሮጊቶች በእርጅና ጊዜ የማስታወስ ኃይላቸው እየጠነከረ መምጣቱ ሌላው የዘመኑ ችግር ነው።

ለፍርድ ያህል ጋራዡንም ልንካው። ማጉረምረም ያለ አድልዎ ሲሆን ነው የሚጥመው። የታይዋኑን «ኦሪጅናል ነው» ብሎ የሚሸጥ አለ። ደህናውን ዕቃ አውልቆ ያገለገለ የሚገጥም አለ። «ነገ ና» ማለትን ሙያ ያደረገ አለ። ልጆቹ ወደ ስልክ የሸሹት ከዚህም ተነስተው ነው፤ በዚህ አልፈርድባቸውም። መድኃኒቱ ግን ቁልፍ መንጠቅ አይደለም። ዕቃውን ራሳችሁ ከምታውቁት ሱቅ ግዙ። ሲሠራ አጠገቡ ቁሙ። የወለቀውን አሮጌ ዕቃ ቤታችሁ ይዛችሁ ግቡ። ኪሎ ሜትሩንና ቀኑን ጽፋችሁ አስቀምጡ። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚዘርፋችሁ መካኒክ ካለ፣ እሱ ጎበዝ ነውና ምርቃት ይገባዋል።

በገዛ እጃችሁ መሥራት ካማራችሁም የሚሠራ ሞልቷል። ጠዋት ሞተር ሳይነሳ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ አውጥታችሁ እዩ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የራዲያተሩን ውኃ ሙሉ። የጎማ ንፋስ አስለኩ። የአየር ፊልትሮውን አራግፉ፤ የሐብሩና የቆቦ አቧራ ያንን ሥራ ዓመቱን ሙሉ ይሰጣችኋል። የባትሪውን ጫፍ አጽዱ። ረዳት ሆኖ ጆሮውን ያስጠመዘዘ ደግሞ ዘይቱንም ይቀይር፣ ካንዴላውንም ይፍታ፤ አንድ በአንድ እየነቀለ። ፍሬን፣ መሪና ቫልቭ ግን የባለሙያ ናቸው።

ለመካኒኩ እጅ የምትከፍሏት ገንዘብ በወልድያ ገበያ ካሉት ነገሮች ሁሉ እስካሁን ያልተወደደችው ናት። ሳትወደድ ክፈሏት። ለገና ወደ ላሊበላ የምትወጡ ሁሉ፣ ከመውጣታችሁ በፊት ፍሬናችሁን ባለሙያ ይየው፤ ድልብ ላይ ከጎማችሁ ሥር ድንጋይ ካስገባችሁም ስትሄዱ አንሱት።